ስልክ የሚያነሳ የለም፣ ካርታው ግን ይታረማል፦ የኦፕንስትሪትማፕ ቅሬታ መቀበያ ከጅማ ሲታይ

ማንም ሊያርመው የሚችለው የኢንተርኔት ካርታ ኦፕንስትሪትማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ካርታውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለዚህ አጭር ቁጥር ደውሎ ቅሬታ ማስመዝገብ የሚባል ነገር የለም። ያለው «ማስታወሻ» ነው። በካርታው ቀኝ ጠርዝ ካሉት ምልክቶች የማስታወሻውን መንካት፣ ፒኑን ስህተቱ ያለበት ቦታ ላይ ጎትቶ ማስቀመጥ፣ ጽፎ መላክ፤ በቃ። አካውንት ከፍቶ መጻፍ ይመረጣል፤ ያለ ስም የጻፈ ሰው ማብራሪያ ቢጠየቅ ኢሜይል አይደርሰውም፣ ጉዳዩም ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የጅማ ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በአጻጻፉ ነው። አንባቢው የጅማዋን ሂርማታ ረግጦ የማያውቅ፣ ምናልባትም ጀርመን የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል። «እዚህ ጋ ስህተት አለ» ቢሉት ምን ያድርግ? «ፋርማሲው ተዘግቷል፤ ቦታው አሁን የእህል መጋዘን ነው፤ በአካል ታይቷል» ከተባለ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ ያርመዋል። የታየበት ቀንም ሲጻፍ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን፤ የእኛን 2017 የጻፈ ሰው ትኩሱን መረጃ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። «ከ2 እስከ 12 ክፍት ነው» የተባለ ሱቅ እንዳለ ከተመዘገበ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከፍቶ ቀን በስድስት ሰዓት የሚዘጋ ይሆናል። 08:00–18:00 ብሎ መጻፍ ነው።

የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ስም የየራሳቸው መስክ ስላላቸው አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መተካት ጠብ ከመጋበዝ በቀር ፋይዳ የለውም፤ ታፔላው ላይ ያለውን ሁለቱንም እንዳለ መገልበጥ ይበቃል። ከጎግል ካርታ መቅዳት ግን ክልክል ነው። ማስታወሻውን ማንም ስለሚያነበው የሰው የግል ስልክም አይጻፍበትም።

ትልቁ ድክመት የመልስ ጊዜ አለመኖሩ ነው፤ አካባቢውን የሚከታተል ሰው ከሌለ ማስታወሻው ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ታይቶ አልቋል ተብሎ የተዘጋ ማስታወሻ ከ7 ቀን በኋላ ከካርታው ስለሚሰወር ቶሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ችግሩ ካልተፈታ እንደገና መክፈት ይቻላል። «ታርሟል ተባልኩ፣ ስልኬ ላይ ግን ያው ነው» የሚለው ቅሬታ ግን አገልግሎቱን አይመለከትም። እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉት ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መተግበሪያዎች የራሳቸውን ቅጂ ይይዛሉ፤ አዲሱ ካርታ ወጥቶ እስኪወርድ አሮጌው ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው ያንኑ ማስታወሻ ደጋግሞ እየጻፈ የበጎ ፈቃደኞቹን ጊዜ ይበላል።

አጣዳፊ ጉዳይ ሲሆን፣ ለምሳሌ አዲስ መንገድ ተከፍቶ ባጃጆች ሲጠቀሙበት ካርታው ካላወቀው፣ በዚያው አካውንት ገብቶ ራስን ማረም ይሻላል። እርማቱ ዋናው ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ለጥቂት ቀናት ብቻ የተዘጋ መንገድ ግን ባይነካ ይመረጣል፤ በመሀል ካርታውን ያወረደ ሰው መንገዱ ከተከፈተ በኋላም እንደተዘጋ ያገኘዋል።