ለጋይዳችን ምስጋና፣ ብርድ ላይ ድንኳን ጥላችሁ ለማደር ላሰባችሁ ደሞ ጥቆማ

ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ። ተራራ ላይ ካምፕ አድርገን ተመልሰናል፣ ስለጋይዳችን ሳልጽፍ ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። ውጪ ያደረው ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ነው ያገኘነው፣ ከመሀላችን ግን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያደረ አንድም ሰው የለም፣ ይሄ ደሞ የሱ ስራ ነው። ሳላስፈቅደው ስሙን እዚህ አልለጥፍም፣ ምስጋናዬ ግን ይድረሰው።

ገና ሳንወጣ ደውሎልን መጀመሪያ የጠየቀን ከስራችን ምን እንደምናነጥፍ ነው። ብዙ ሰው ከላይ ብርድ ልብስ ይደራርባል፣ መሬቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ሲመጥ ነው የሚያድረው፣ ስሊፒንግ ባጉ (የምትገቡበት የመኝታ ከረጢት) ደሞ ከጀርባችሁ ስር ያለው ክፍል በክብደታችሁ ይጨፈለቅና አየር አይዝም፣ አየር ካልያዘ ደሞ አያሞቅም። ስለዚህ ለያንዳንዳችን መጀመሪያ ፎም ከዛ በላዩ የሚነፋውን ፍራሽ አነጠፈልን። እነዚህ ፍራሾች ላይ አር ቫልዩ የሚባል ቁጥር አለ፣ ከፍ ባለ መጠን የመሬቱን ብርድ ይከለክላል፣ ስትደራርቡ ቁጥሩ ይደመራል፣ 2 የሆነ ፎም ላይ 3 የሆነ ፍራሽ ካደረጋችሁ 5 አገኛችሁ ማለት ነው። ስሊፒንግ ባጉንም የመረጠልን ላዩ ላይ የተጻፈውን ኮምፈርት የሚለውን ቁጥር እያየ ነው፣ ተመችቷችሁ እስከ ስንት ዲግሪ ብርድ እንደምትተኙ የሚናገር ቁጥር ነው። ኤክስትሪም የሚለውን አትመኑ ነው የሚለው፣ እሱ በህይወት ለመቆየት እንጂ ለመተኛት የወጣ ቁጥር አይደለም።

ቦታ ሲመርጥም እንደዛው። ሸለቆው ስር ያለውን ለጥ ያለ ሳር ሁላችንም ወደነው ነበር፣ እሱ ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ማታ ማታ ወደ ታች ወርዶ እዛ ይተኛል ብሎ ትንሽ ከፍ ያለ ንፋስ የማያገኘው ቦታ ወሰደን።

እኔን በጣም የነካኝ ለእህቴ ያደረገው ነገር ነው፣ እሷ ብርድ የሚባል ነገር አትችልም። ጀምበር ሳትጠልቅ ካልሲሽ ደረቅ ነው ወይ አላት፣ አዎ አለችው። እስቲ ጫማሽን አውልቂው ብሎ ካልሲውን በእጁ ዳሰሰው፣ ጫፉ ጋ በላብ ርሷል፣ የጥጥ ካልሲ ነበር፣ ጥጥ ደሞ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም እግርንም ያቀዘቅዛል። ወዲያው ለመኝታ ብቻ ያስቀመጠውን ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥቶ ሰጣት። ከዛ ኮዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞላ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጎ ዘጋ፣ ገልብጦ ያዘው፣ ጠብታ እንደማይወጣው ካየ በኋላ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳትተኚ ቀድመሽ ባጉ ውስጥ ክተቺው አላት። እንቅልፏን ለጥ ብላ ነው ያደረችው!

አንዱ ጓደኛችን የከሰል ፍም ድንኳን ውስጥ እናስገባ ብሎ ነበር፣ ጋይዳችን እዚህ ላይ ድርድር አያውቅም። ሳይቆጣ ቁጭ አድርጎ አስረዳው፣ ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንደተኛችሁ ነው የሚወስዳችሁ፣ ቡታጋዝም ቢሆን ያው ነው። እባካችሁ ይሄን ለምታውቁት ሰው ሁሉ ንገሩ። የድንኳኑን የአየር መግቢያም ክፍት አስተወን፣ ጥርቅም ካደረጋችሁት ትንፋሻችሁ ጣሪያው ላይ ውሃ ይሆንና መኝታችሁን ያረጥባል። በዛ ላይ ሌሊት ሽንት ከመጣባችሁ አትያዙ ተነሱ ይላል፣ ይዞ መገላበጥ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ምንም አይጠቅምም።

ሌላው ደሞ ሰው ያያል። እራት ላይ ዝም ያለውን፣ ምላሱ የተሳሰረውን፣ ሲራመድ የሚደናቀፈውን በአይኑ ይከታተላል፣ ሰውነት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምልክቱ እንደዚህ ስለሆነ ሰውየው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ብዙ ጋይድ መንገድ ያውቃል፣ እንደዚህ ሰው የሚጠብቅ ግን እኔ አላየሁም።

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ። እሱን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄው አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ከመሀላችሁ ብርድ የማይችለው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ዕቃ የሚያዘጋጀው በየሰዉ ልክ ነው።