ወደ ደንስተር የገጠር በዓል በእንፋሎት ባቡር፦ መኪናችሁን ቤት ተዉት

ፊት ለፊት ልናገር። ለደንስተር ሾው የምትሄዱ ከሆነ መኪናችሁን ቤት ተዉትና በእንፋሎት ባቡር ሂዱ። እኔ ሁለቱንም አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት በመኪና ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፣ ከፊቴ ትራክተር፣ ከትራክተሩ ፊት ደግሞ ካራቫን። ጠዋቱ እንዲሁ አለቀ። ስደርስ በጎቹ ተወዳድረው ጨርሰው፣ አሸናፊዎቹ ሪባናቸው ተሰቅሎላቸው ጭድ ላይ ተኝተው ነበር። ዘንድሮ ግን እማዬ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጥታለች። የባቡር ድምፅ እየሰማች ያደገችን ሴት ወስጄ የመኪና ሰልፍ ላይ ላስቀምጣት አልቻልኩም።

ባቡሩ ዌስት ሶመርሴት ሬልዌይ ይባላል። እንግሊዝ አገር፣ ደቡብ ምዕራብ ውስጥ ነው። ከቶንተን ከተማ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ቢሾፕስ ሊዲያርድ ተነስቶ ባሕር ዳር እስካለችው ማይንሄድ 32 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ደንስተር ከማይንሄድ በፊት ያለችው የመጨረሻ ጣቢያ ናት። መስመሩ የቆየ ነው፤ እስከ ዋቼት ያለው እ.ኤ.አ. በ1862፣ እስከ ማይንሄድ ያለው በ1874 ተከፈተ። በ1971 አያዋጣም ተብሎ ተዘጋ። የአካባቢው ምክር ቤት ገዝቶ አተረፈውና በ1976 አንዱ ክፍል እንደገና ባቡር አየ። ዛሬ ትኬት ከሚቆርጠው ጀምሮ ከሰል እስከሚጨምረው ድረስ አብዛኛው ሰው በጎ ፈቃደኛ ነው። ያለ ደሞዝ ማለት ነው። ይሄንን እማዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እንግዲያው ወደውት ነው» አለች።

አመጣጡን በአጭሩ። ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ቶንተን በዘመናዊው ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የእንፋሎቱ ባቡር ግን ቶንተን አይገባም፤ ከዚያ በባስ ወይም በታክሲ ቢሾፕስ ሊዲያርድ ትሄዳላችሁ። በዚያው ቀን ከለንደን ተነስቶ ጠዋት መድረስ ጥድፊያ ነው፤ እኛ ቶንተን አድረን ነው የሄድነው፣ እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ይሻላል። ትኬቱን ቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ ግዙ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ማነር ከሚባለው ዓይነት ነው የጎተተን። ከ1938 ጀምሮ 30 ተሠርተው ነበር፣ ከባድ ሞተሮች የማይገቡባቸው ቀለል ያሉ መስመሮች ላይ እንዲሠሩ ታስበው። ዛሬ የቀሩት 9 ብቻ ናቸው። አረንጓዴ ቀለም፣ የነሐስ ጌጥ፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ መዳብ። ቆሞ እንኳ ዝም አይልም፤ እዚህ ጋ ትስስ ይላል፣ እዚያ ጋ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ሙቀት ይወጣል። ቀዝቃዛ ሞተር እስኪሞቅ ሰዓታት ስለሚፈጅ፣ እኛ ቁርስ ሳንበላ፣ ምናልባትም ሳንነቃ፣ እሳቱን ያነደደለት ሰው አለ ማለት ነው። የዘይትና የከሰል ሽታው እንደደረስን ተቀበለን። እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ከማድረግ ይልቅ በደንብ ሳበችው። ድሬዳዋ ሕፃን እያለች ስለ ከሰሉ ባቡር የሚያወሩት ትልልቆቹ ነበሩ፤ እሷ ያየችው የናፍጣውንና ሊቶሪና የሚባለውን ባቡር ነው። እናቷ ግን ትነግራት የነበረው ይሄንን ሽታ እንደሆነ አወቀችው።

የት ትቀመጡ? ለእኔ ከሞተሩ ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ይበልጣል። ድምፁ ያለው እዚያ ነው። ከቢሾፕስ ሊዲያርድ እንደተነሳ ወደ ክሮኮም ሂትፊልድ ዳገት አለ፤ የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ነው፣ ሞተሩ በትክክል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የማነር መንኮራኩር አንድ ዙር ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ሁለት ሲሊንደር አለው፣ እያንዳንዱ ወደፊት ሲሄድም ወደኋላ ሲመለስም እንፋሎት ይተፋል። ይሄን ከነገርኳት በኋላ እማዬ በጣቷ ጉልበቷ ላይ መቁጠር ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ዳገቱ ሲበረታ ቆጠራዋ እየዘገየ፣ ድምፁ እየከበደ፣ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ፣ እላይ ደርሶ ሞተሩ ቀለል ሲለው እሷም ጣቷን አነሳችና ተነፈሰች።

እንዲህ ዓይነት መስመር ላይ ባቡር በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም። ሕጉ ነው። እስከ ደንስተር ከአንድ ሰዓት በላይ ትቀመጣላችሁ። የሚቸኩል ሰው አይወደውም፣ እሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ። እኔ ግን በዓሉ ቦታ ስደርስ ልቤ ቀድሞ ረግቶ የነበረው በዚህ ዝግታ ነው ብዬ አምናለሁ። በግ ሲሸለት ግማሽ ሰዓት ቆሞ ለማየት ትዕግስት ያስፈልጋል፤ ከመኪና ሰልፍ ወጥቶ የሚመጣ ሰው ያ ትዕግስት የለውም። መጀመሪያ ጊዜ እኔም አልነበረኝም።

ዊሊተን ጣቢያ ላይ ከወዲያ የሚመጣውን ባቡር ለማሳለፍ ቆምን። እባካችሁ እዚህ ስልካችሁን አስቀምጡና ወደ ፊት ተመልከቱ። ሐዲዱ ከጣቢያ ጣቢያ ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ ቶከን የሚባል ነገር አለ። ሾፌሩ ቶከኑን በእጁ ካልያዘ በዚያ ሐዲድ መሄድ አይችልም። የሲግናል ሠራተኛው ከሲግናል ቤቱ ወርዶ የጨረሱትን ሐዲድ ቶከን ተቀብሎ የቀጣዩን ሲሰጣቸው አየን። እማዬ «የቤት ቁልፍ በለኛ፣ አንድ ቁልፍ ያለው ቤት» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

እዚያው ቆመን ሳለን ሾፌሩ ወረደ። የዘይት ቆርቆሮውን ይዞ ጎንበስ አለና፣ የእጁን ጀርባ መንኮራኩሩ የሚዞርበት ብረት ላይ ለአፍታ አሳረፈ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ እንደሆነ የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እናት የልጇን ግንባር ዳብሳ ትኩሳት እንዳለው እንደምታውቀው ማለት ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ፀጉሩ ነጭ፣ እጁ ጥቁር። እንዲህ ዓይነት ሾፌር ለመሆን ሞተር በማጽዳት ይጀመራል፣ ከዚያ ከሰል ጨማሪ ይኮናል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ወደ መሪው የሚደረሰው።

ወንበር ስትመርጡ ከሞተሩ አቅጣጫ አንፃር በስተቀኝ ያዙ። ከዶኒፈርድ በኋላ ባሕሩ ብቅ ይላል፤ ዋቼት ወደቧ፣ ከዚያ ብሉ አንከር ላይ ሐዲዱና ባሕሩ ጎን ለጎን ናቸው። ጠዋት ጥርት ያለ ከሆነ ማዶ ዌልስ ይታያል። እዚያ ማዶ ባሪ የምትባል ከተማ አለች። የእንግሊዝ መንግሥት ባቡር በ1968 የእንፋሎት ሥራውን ሲጨርስ፣ ሞተሮቹ ተቆራርጠው ለብረት ይሸጡ ነበር። ባሪ ያለው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ግን ብዙዎቹን ሳይቆርጥ ባሕሩ ዳር አቆያቸው። በጨው አየር እየዛጉ ለዓመታት ቆሙ። ከዚያ ተራ ሰዎች፣ መምህራንና መካኒኮች፣ ገንዘብ እያዋጡ አንድ በአንድ ገዝተው አወጧቸው፤ 213 ሞተር ተረፈ። ከማነሮቹ የተረፉት አብዛኞቹ በዚያ በኩል ያለፉ ናቸው። ይሄን እያሰብኩ ማዶውን ሳይ፣ ፊት ለፊታችን እየተነፈሰ ያለውን ሞተር ሳይ፣ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። ለቁራጭ ብረት የተፈረደበት ነገር ሰው ጭኖ ወደ በዓል እየሄደ ነው።

ደንስተር ስትቀርብ ደግሞ በስተግራ፣ ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥቱ ይታያል። ወርዳችሁ በእግር ነው፤ ከባቡሩ የወረደው ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ አትጠፉም።

ደንስተር ሾው አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት ሦስተኛው ዓርብ ላይ ነው፣ ከቤተ መንግሥቱ ግርጌ ባለው ሜዳ። አንድ ቀን ብቻ ነው። የዘፈን ፌስቲቫል አይደለም፤ የገበሬ በዓል ነው። ከብት፣ ፈረስ፣ በግ፣ የእጅ ሥራ። ፈረሶቹ ግዙፍ ናቸው፣ ሰኮናቸው የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል፣ ጋማቸው ተጎንጉኖ፤ ሲያልፉ መሬቱ በእግራችሁ ሥር ይሰማችኋል። የዴቨን ከብቶቹ ቀይ ናቸው፣ ቀይ ስል ቡላ አይደለም፣ የበሰለ ዳማ ቀይ፣ በብሩሽ ተጠርገው የሚያበሩ።

እኛ የቀረነው በጎቹ ጋ ነው። ኤክስሙር ሆርን የሚባል የዚያው አካባቢ በግ አለ፣ ፊቱ ነጭ፣ ሴቷም ወንዱም ቀንዳም። ዳኛው ነጭ ካፖርት ለብሶ አንድ በአንድ እየዞረ ወገባቸውን በእጁ ይጫናል፣ ጥርስ ያያል፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አቋማቸውን ይመለከታል። እማዬ በአጥሩ ላይ ተደግፋ አብራ ትዳኛለች። «ያ ሦስተኛው ነው» ትለኛለች፣ «ወገቡ ሙሉ ነው፣ እግሩ ቀጥ ያለ ነው»። ቀዩ ሪባን እንግሊዝ አገር አንደኛ ነው። ቀዩ ለሦስተኛው ተሰጠ። የበጉ ባለቤት ሴትዮ እማዬ ስታጨበጭብ አይታ መጣችና በጉን እንድትዳስሰው በሩን ከፈተችላት። እማዬ ጣቶቿን ፀጉሩ ውስጥ አስገብታ ወገቡን ያዘች፤ ልክ ገበያ ላይ እንደምታደርገው። ቋንቋ አልተገናኙም። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በሶመርሴት እንግሊዝኛ፣ ስለ አንድ በግ አሥር ደቂቃ አወሩ። እኔ ለማስተርጎም አፌን ስከፍት እማዬ በእጇ ዝም በል አለችኝ።

ሸላቹንም አየን። በጉን አገላብጦ በቂጡ አስቀመጠው፣ በጉልበቱ ያዘው፣ መቀሱ ከሆዱ ጀምሮ ሄደ፤ ፀጉሩ እንደ ካፖርት በአንድ ቁራጭ ወለቀ። በጉ ተነስቶ ነጭና ቀጭን ሆኖ ሄደ።

ምግብን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ በዚያ ላይ ዓርብ ነው። የሚሸጠው ደግሞ ሥጋ፣ አይብ፣ ክሬም ያለበት ቂጣ ነው። ለሚበላው ጥሩ ነው፤ የሚጾም ሰው ግን ከቤቱ ይያዝ። እማዬ ዳቦና ሽሮ ፍርፍር ቋጥራ ነበር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልነካችውም።

ሌሎች የምታውቋቸው ነገሮች። የፉርጎዎቹ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ ድጋፍ ጠይቁ፤ ዊልቸር ላለው ደግሞ ሳትሄዱ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማቀዝቀዣ የለም፣ መስኮት ነው። ከመስኮት አንገት አታውጡ፤ አደጋው አንድ፣ የከሰሉ ብናኝ ዓይን ውስጥ ገብቶ የሚያደርገው ደግሞ ሌላ። ነጭ ልብስ አትልበሱ። የእማዬ ነጠላ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ወርዷል፤ እስከ ዛሬ አላጠበችውም፣ ለእህቶቿ አሳያለሁ ብላ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀምጣለች። የመመለሻውን የመጨረሻ ባቡር ሰዓት እንደደረሳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ካመለጣችሁ የሚጠብቃችሁ ያው የመኪናው ሰልፍ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ መንደሯ ውስጥ በ1609 የተሠራውን ስምንት ማዕዘን የሱፍ ገበያ እዩት፣ ትንሽ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ተመልሰን ስንሳፈር ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እማዬ ፍርፍሩን ከፈተች። ሽታው ፉርጎውን ሞላው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ባልና ሚስት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፣ ጎረሱም። ለመመለሻው ጉዞ ባሕሩ በግራ ስለሚሆን የግራውን መስኮት ያዙ።