የእንግሊዝ የፍራፍሬ ኬክ ወይስ የድሬስደን ሽቶለን?

ሁለቱም የገና ናቸው፤ ሁለቱም ዘቢብና የብርቱካን ልጣጭ ይገባባቸዋል። ይሁን እንጂ የእንግሊዙ በእንቁላል፣ በቅቤና በስኳር የሚሠራ ከባድ ኬክ ሲሆን፣ የጀርመኑ ሽቶለን በእርሾ ኩፍ የሚል ዳቦ ነው።

የሽቶለን ታሪክ በአብዛኛው የጾም ታሪክ ነው። ከገና በፊት ባለው ጾም ቅቤ የተከለከለ ስለነበር ድሬስደን በምትገኝበት የጀርመን ግዛት በሳክሶኒ ያሉ ጋጋሪዎች ሊጡን በዘይት ያቦኩት ነበር (የነቢያትን ጾም የሚጾም አንባቢ ችግሩ ሳይነገረው ይገባዋል)። መሳፍንቱ ለሮም አቤት ካሉ በኋላ፣ በ1491 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ስምንተኛ ቅቤን ፈቀዱ፤ ፈቃዱም እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። በ1730 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሳክሶኒው ገዥ ኃያሉ አውግስጦስ 1.8 ቶን ገደማ የሚመዝን ሽቶለን አስጋግሮ ለእንግዶቹ አቀረበ።

ሳይበላሽ በመቆየት ግን የእንግሊዙን የሚያህለው የለም። ከተጋገረ በኋላ በቀጭን እንጨት ተበሳስቶ ብራንዲ በማንኪያ ይንጠባጠብበታል፤ ስኳሩና አልኮሉም ሻጋታን ስለሚከላከሉ ወራት ይቆያል። በሠርግ ኬክ የላይኛውን ድርብ ለመጀመሪያው ልጅ ክርስትና የማስቀመጥ ልማድም የመጣው ከዚሁ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካ፣ ኬፕ አዳር በሚገኝ ጎጆ ውስጥ፣ 106 ዓመት ገደማ የሆነው የፍራፍሬ ኬክ በዛገ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኝቷል፤ መልኩ የሚበላ ይመስል ነበር።

ለሩቅ ዘመድ የሚላክ ከሆነ የእንግሊዙን እመርጣለሁ፤ ከቡና ጋር ግን ሽቶለን ይበልጥብኛል። ሲቆረጥ ከመሐል ይጀመራል፤ ከዚያም ሁለቱ ግማሾች ገጥመው ሲቀመጡ ውስጡ አይደርቅም።