የቴፕ ጠጋኙ ጋሼና የእማዬ 23 ካሴቶች

እማዬ ቡፌ ውስጥ 23 ካሴት ነበር። ከስኒዎቹ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ቴፑ ከተበላሸ ብዙ ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን አንዱንም አስጥላ አታውቅም። ባለፈው ወር 19ኙን ይዤ መርካቶ፣ ቴፕና ራዲዮ የሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ሄድኩ። ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣሉ ብለውኝ ነው። እቤቱ ካሴት ያስቀመጠ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ አሠራራቸውን በዝርዝር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተቃጠልኩበትን ላውራ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አንድ ካሴት ሰጥቼ ነበር። ልጁ ሳያይ ሳያጸዳ አስገባውና ቴፑ ክሩን በላው። የተጨማደደውን ቆርጦ ጣለና በተራ ፕላስተር ቀጥሎ ሰጠኝ። “ትንሽ ናት የወጣችው” አለኝ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። የተቆረጠው ክር አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ግማሽ ደቂቃ ማለት ነው። አባቴ የሚመርቅበት ግማሽ ደቂቃ ነበር። አባቴ አሁን የለም።

ስለዚህ መርካቶ ስሄድ ፌስታሉን አቅፌ ነው የቆምኩት። ጋሼ (ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚላቸው) ካሴት ሲቀበሉ ወዲያው አያጫውቱትም። ወደ ብርሃን ያዞሩና ያዩታል። ክሩን ከኋላ የምትደግፈው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ከሌላ አሮጌ ካሴት አንስተው ይለጥፋሉ። ቅርፊቱ የተሰነጠቀውን 5ቱንም ብሎን ፈትተው ሁለቱን ጥቅል ወደ ደህና ቅርፊት ያዛውራሉ። ይህን ሲያደርጉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ የላላውን በቢክ እስክርቢቶ ያጠነጥናሉ፤ ሁላችንም በልጅነታችን እንዳደረግነው።

በጣም የገረመኝ ግን የ“ሄዱ” ነገር ነው፤ ሄድ ማለት ቴፑ ውስጥ ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበው ክፍል ነው። በጥጥና በአልኮል ከጠረጉት በኋላ፣ አጠገቡ ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ በስሱ ይነካሉ። የድሮው ካሴት የተቀዳበት ቴፕና የእሳቸው ቴፕ ሄዱ እኩል ካልቆመ ድምፁ ታፍኖ ይወጣል። ጆሯቸውን አስጠግተው “ስ” የምትለዋን ድምፅ ይጠብቃሉ። “ስሚ ልጄ፣ አሁን ጠራ” አሉኝ። እውነትም ጠራ። ድምፁ ላይ የተጫነ ብርድ ልብስ የተገፈፈ ነው የመሰለኝ።

የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል። አቋራጭ የለውም። ስለዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማውራት ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ሙዚቃ ቤት ሠርተዋል። ሸክላውንም (ከካሴት በፊት የነበረውን የዘፈን ዲስክ) አስታውሰው ነገሩኝ፤ የሙዚቃ አሳታሚው አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ የነበረውን ትኩሳት። ሸክላ ግን ውጭ አገር ታትሞ ነው የሚመጣው። ካሴት መጣና ማተሚያውን ሱቅ ውስጥ አስገባው። ባዶ ካሴትና ሁለት ቴፕ ያለው ሰው አሳታሚ ሆነ። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ ከተማውን በዘጋበት፣ ጭፈራውን ሳሎን ድረስ ያመጣው ካሴት ነው። “ደርድረን ስንገለብጥ ነበር የምናድረው” አሉኝ ጋሼ። ያው ገልባጭነት ዘፋኙንም ጎድቶታል፤ ይህንንም አልሸሸጉም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሲመጣ ደግሞ ገልባጩ ወደ ሲዲ ተሻግሯል። አዟሪው በአንድ ዲስክ መቶ ዘፈን ይሸጥ ጀመር። ቀጥሎ ስልኩ መጣ፣ አለቀ።

ካሴት ግን ሲዲ ያልነበረው ነገር ነበረው፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ይቀዳበት ነበር። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ሲያሳየው በዋናነት ለንግግር መቅጃ ብሎ ነው። እኛ ቤትም ለዚያ ውሏል። ከ19ኙ አንዱ የታወቀ ዘፋኝ ኦርጅናል ነው። ኦርጅናል እንዳይቀዳበት አናቱ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ይሰበራሉ። ጋሼ ቀዳዳዎቹን አሳዩኝ። እንደገና እንዲቀዳበት በማስቲካ ወረቀት ተጠቅጥቀዋል።

የጠቀጠቀችው አክስቴ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሌላ ካሴት ስላልነበራት ዘፈኑ ላይ ቀድታበት በሰው ላከችው። “ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ” ብላ ትጀምራለች። ከኋላዋ የአየር ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። መሀል ላይ ሕፃን ያለቅስና “ቆይ መጣሁ” ትላለች፤ ክሩ ባዶውን ይሄዳል፤ ትመለሳለች። 11 ደቂቃ ካወራች በኋላ ቀጭ ይላል፣ ዘፈኑም ከስንኙ መሀል ይቀጥላል። ጋሼ ቴፑን አቆሙና “ዘፈኑን ልቁረጠው ወይስ ይቆይ?” አሉኝ። ሳይጠይቁ ያልነኩት ደስ አለኝ። ይቆይ አልኳቸው። እማዬ ያን ማታ ሦስቴ ሰማችው።

ዋጋው ለአንድ ካሴት 150 ብር ነው። የሚሰጧችሁ ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ ያልተጨመቀው፣ ሌላው ለስልክ የሚሆን። ጉድለትም አለው። የሚሠራው ቴፕ አንድ ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ እኔ 12 ቀን ጠብቄያለሁ። ደረሰኝ የለም፤ ካሴቶቻችሁን ቁጥር ጽፋችሁባቸው ስጡ። ጠዋት ሱቋ በሚጠገን ራዲዮ ስለምትሞላ ከምሳ በኋላ ሂዱ። የቪዲዮ ካሴት አይቀበሉም።

እኔ የቀሩትን 4 ይዤ ቅዳሜ እመለሳለሁ። አንዱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። እማዬም አታስታውሰውም።