62 ግራሟን ሽሮን ያከመልን ክሊኒክ

ሽሮ ሃምስተር ናት፤ አይጥ የምትመስል ትንሽ የቤት እንስሳ። ስሟን ያወጣችላት የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት፤ ጸጉሯ ቁርጥ የሽሮ ዱቄት ነው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሽሮን ገዝተን ባመጣናት በአምስተኛው ቀን ታመመችብን። ስላከማት ክሊኒክ ልጻፍ፤ በዚያውም እኔ ዘግይቼ ያወቅኩትን ምልክት እናንተ ቶሎ እንድታውቁት።

ሃምስተር ቀን ይተኛል፣ ማታ ይነቃል። ቀን ላይ ድብን ብሎ ቢተኛ አያስደነግጥም። እኔን ያሳሰበኝ ምሽቱ ነው። መሸት ሲል የምትሮጥበት መሽከርከሪያዋ ላይ ወጥታ ቤቱን ታንኳኳው ነበር፤ ያን ቀን ጸጥ አለ። ሄጄ ሳያት ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች። ዓይኗ ግማሹ ተከድኗል፣ የዱባ ፍሬዋም አልተነካም። አንስቼ ገልበጥ ሳደርጋት ከጅራቷ ሥር እስከ ሆዷ ርሷል፤ ይሸታልም።

ሱቁ ሳይዘጋ የሸጠልን ቦታ ደወልኩ። «አዲስ ቤት ስለሆነባት ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂ» አሉኝ። አምኜ ሌሊቱን አሳደርኳት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠዋት ሦስት ክሊኒክ ደወልኩ። ሁለቱ ከውሻና ድመት ውጪ አናይም አሉ። ሦስተኛው ጋ ስልክ ያነሳችው ልጅ «ስንት ሳምንቷ ነው? ትበላለች? ጅራቷ ደረቅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እርጥብ ነው ስላት «ቀጠሮ አያስፈልግም፣ አሁኑኑ አምጪያት» አለች። ለዚህች አንዲት ጥያቄ ብቻ ሙሉ ኮከብ እሰጣቸዋለሁ።

ሐኪሟ መጀመሪያ መዘነቻት፤ 62 ግራም። ቀጥላ የጀርባዋን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ወዲያው መመለስ የነበረበት ቆዳ እንደ ድንኳን ተገትሮ ቀረ። «ሰውነቷ ውሃ አጥቷል» አለችኝ። በሽታው ዌት ቴይል ይባላል፤ እርጥብ ጅራት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጡት ከጣሉ ብዙም ያልቆዩትን፣ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ያሉትን ነው። ጉዞ፣ የቦታና የምግብ ለውጥ ይቀሰቅሰዋል። ካልታከመ በሁለት ሦስት ቀን ሊገድል ይችላል። «ጠብቂ» የተባልኩት ልክ ያንን ያህል ቀን ነበር።

ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ በመርፌ ሰጠቻት። በአፏ የሚጨመር አንቲባዮቲክም አዘዘችላት። ቤት የልጄ አሞክሲሲሊን ተርፎ ነበርና ትንሽ ልሰጣት አስቤ እንደነበር ነገርኳት። ደነገጠች። እንደ አሞክሲሲሊን ያለ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት የሃምስተርን ጥሩ የአንጀት ባክቴሪያ አጥፍቶ ራሱ ሊገድል ይችላል አለችኝ። እባካችሁ፣ የሰው መድኃኒት አትስጡ።

ዋጋው 214 ዶላር ነው። ከመጀመራቸው በፊት በወረቀት አሳይተውኝ ፈርሜበታለሁ፤ አንድም ሳንቲም አልጨመሩም። እህቴ «በዚህ ብር አሥር ትገዢ ነበር» አለችኝ። ልጄ ግን የምትፈልገው አሥር ሃምስተር ሳይሆን ሽሮን ነው፤ እኔም እንደዚያው።

ቅር ያለኝ የመጠበቂያ ክፍሉ ነው። 40 ደቂቃ ከሚጮሁ ውሾች ጎን ተቀመጥን። ሽሮ በካርቶኗ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ነጠላዬን አለበስኳት። ለትንንሾቹ ለብቻ አንድ ጥግ ቢያዘጋጁ ጥሩ ነበር።

ቤት ስንመለስ እንዳዘዙኝ ጎጆዋን በሙሉ አጥቤ የሚነጠፍላትን ወረቀት ቀየርኩ፤ ከነካናት በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። በሦስተኛው ሌሊት መሽከርከሪያው ተንኳኳ። ልጄ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። አሁን በየእሑዱ በወጥ ቤት ሚዛን እንመዝናታለን፤ ባለፈው 128 ግራም ሆናለች።

ስትሄዱ የቆሸሸውን ንጣፍ በላስቲክ ቋጥራችሁ ውሰዱ። ለምርመራ ጠይቀውኝ ነበር፣ እኔ ግን ጠዋት ጥዬው ነበር የሄድኩት።