ለፈሪ የሚሆን ሮለር ኮስተር፦ 300 ድርሃሙን የት እናውጣ?

ሰኔ ሲመጣ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ጅማ ውስጥ ኤምሬትስ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? እህት ትሁን፣ የአጎት ልጅ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ አንድ ሰው እዚያ አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዞ ሊጠይቃቸው የሚያስብ አለ። ሂርማታ ገበያ ሱቅ ኖሮት ለዕቃ የሚመላለስም አለ። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፦ "ስማ እንጂ፣ ልጆቹ ሮለር ኮስተር ካልወጣን ብለው አስቸገሩኝ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ፈሪ ነኝ። የቱ ይሻላል?" ሮለር ኮስተር ማለት በሀዲድ ላይ እየወጣና እየወረደ የሚከንፈው የመዝናኛ ባቡር ነው። እኔን የሚጠይቁኝ ወንድሜ ሻርጃ ስለሚሠራና እሱ ጋ ስሄድ እነዚህን ቦታዎች ስለዞርኳቸው ነው። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ።

ሳላንዛዛ ልናገር። በክረምት ለሚሄድ ፈሪ ምርጫዬ አቡ ዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ ያለው ዋርነር ብሮስ ወርልድ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ነው። የቀረውን የምጽፈው ለምን እንደመረጥኩት ለማስረዳትና ገንዘባችሁን የት እንዳታቃጥሉ ለመጠቆም ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፣ ይህም ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። የሚነቃነቀው የእኛ ብር ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ አይተነዋል። ስለዚህ በድርሃም አስቡና በምትሄዱበት ሳምንት ምንዛሪ አባዙት። እዚህ ለሂሳብ እንዲመቸኝ አንዱን ድርሃም በ40 ብር እይዘዋለሁ።

የያስ ደሴት ፓርኮች የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከ300 ድርሃም በላይ ነው። 12,000 ብር አለፈ ማለት ነው። አራት ሆናችሁ ከገባችሁ ወደ 50,000 ብር፣ ያውም ምሳ ሳይበላ። አሁን ይህን አስቡት። ገብታችሁ አንድ ሮለር ኮስተር ላይ ብቻ ወጥታችሁ ቀሪውን ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ካላችሁ፣ ያ አንድ ዙር 12,000 ብር ወጣበት። ሁለት ደቂቃ እንኳን ላይሞላ! አሥር ነገር ላይ ከወጣችሁ ግን አንዱ 1,200 ብር ይመጣል። እኔ ፓርክ የምለካው በዚህ ነው። ፈሪ ሰው ስንቱ ላይ ይቀመጣል? ትኬቱን ለዚያ ቁጥር አካፍሉት።

ግን ፈሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከፍታ ይፈራል፣ አንዱ መገልበጥ፣ አንዱ ደግሞ ምንም አይፈራም፣ ሆዱ ግን አይችልም። ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶብስ ስትሄዱ የጊቤን ቁልቁለት እንዴት እንደምታልፉት አስታውሱ። ሎሚ እያሸተታችሁ፣ ፌስታል ይዛችሁ ከሆነ፣ የእናንተ ጠላት መጠማዘዝና መሽከርከር ነው። ገደሉን ላለማየት መጋረጃ የምትዘጉ ከሆነ ደግሞ ጠላታችሁ ከፍታው ነው። ይህን ሳይለዩ ትኬት መግዛት የለም።

ፌራሪ ወርልድ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ የሚሄድበት ነው። እዚያው ያስ ደሴት ላይ በ2010 የተከፈተ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ፎርሙላ ሮሳ የሚባለው ሮለር ኮስተር እዚያ ነው። አምስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከፊት የሚቀመጠው ዓይኑ ውስጥ አሸዋ እንዳይገባበት መነጽር ያደርጋል። ለብዙ ዓመታት ከዓለም ፈጣኑ እሱ ነበር። ፍላይንግ ኤስስ ደግሞ 52 ሜትር ከፍታ ያለው ክብ አለው፣ ፍጥነቱም 120 ነው። እነዚህን ለጀግኖች እንተውላቸው።

ከዚያ ውስጥ ለፈሪ የሚቀርበው ፊዮራኖ ጂቲ ቻሌንጅ ነው። ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን ይሽቀዳደማሉ፣ አይገለብጡም። ፍጥነቱ ግን እስከ 95 ይደርሳል። ለፈሪ 95ም ፍጥነት ነው፤ በወሊሶ መንገድ ሚኒባስ 95 ሲበር ሹፌሩን "ቀስ በል እንጂ!" ብለን የምንጮህ ሰዎች ነን። በ2021 የተጨመረው የቤተሰብ ክፍል የፎርሙላ ሮሳ ታናሽ ያለበት ነው፣ የታሰበው ግን ለትናንሽ ልጆች ነው። እንግዲህ ቁጠሩ። ፈሪ አዋቂ እዚህ ገብቶ በደህና የሚቀመጥበት ጥቂት ነው። የፎርሙላ ሮሳን ዋጋ ግን ከፍሏል፤ ትኬቱ ውስጥ አለ። ጎረምሳ ልጅ ካላችሁና እሱ ለብቻው የሚወጣ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ትኬቱ የእሱ ነው ብላችሁ ግቡ።

ዋርነር ብሮስ ወርልድ በዋጋ ከፌራሪ ጋር ብዙ አይለያይም። ከእሱ በብዙ ያነሰ ስም ስላለው ነው ሰው የሚዘለው። በ2018 ተከፈተ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጣሪያ ስር ነው፣ ኤሲ አለው። ይህን ቀላል አታድርጉት። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ከጅማ ዝናብ ተነስቶ እዚያ ፀሐይ ላይ ሰልፍ የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ሮለር ኮስተሩ ጋ ሳይደርስ ነው ያለቀለት።

እዚያ ያሉት ሮለር ኮስተሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ፋስት ኤንድ ፈሪየስ ነው፤ መቀመጫው ከሀዲዱ ስር የተንጠለጠለ፣ እግር አየር ላይ የሚወዛወዝ ነው። ሲያዩት ያስፈራል፤ ግን አይገለብጥም፣ የቤተሰብ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው የቶምና ጄሪ ነው። ትንሽ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ልጆች ይሞሉበታል። ግን መቀመጫው እየሄደ ይሽከረከራል! ጊቤ ላይ ፌስታል የሚይዝ ሰው ከሁለቱ ትንሹን መርጦ እዚህ ይቀመጥና ከሰዓቱን ሙሉ ራሱን ይዞ ይውላል። የተንጠለጠለው ይሻለው ነበር። የቀሩት አብዛኞቹ መጫወቻዎች ተቀምጦ እያዩ የሚያልፉባቸው ናቸው። ስለዚህ ፈሪም ትኬቱን በደንብ ይበላዋል። በእኔ ሂሳብ ዋርነርን ያስመረጠኝ ይህ ነው።

ከዱባይ ለምትሄዱ፣ ታክሲ አትያዙ። ከኢብን ባቱታ ተነስቶ አቡ ዳቢ የሚሄደው የከተማ አውቶብስ 25 ድርሃም ገደማ ነው። ደሴቱ ላይ ደግሞ በፓርኮቹ መካከል በነጻ የሚያመላልስ አውቶብስ አለ።

ጉዟችሁ ለገና ወይም ለጥምቀት ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ያኔ ሌጎላንድ ዱባይ። አየሩ ደስ ይላል፣ ፓርኩም በአብዛኛው ደጅ ነው። ዘ ድራገን የሚባለው ሮለር ኮስተር መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ውስጥ በቀስታ ያዞራችኋል፣ አሻንጉሊቶቹን እያያችሁ ልባችሁ ይረጋጋል፣ ከዚያ ነው ወደ ውጭ ወጥቶ የሚሮጠው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ውጪ ያለውን ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት ቆማችሁ ማየትም ትችላላችሁ። ግን ፓርኩ የተሠራው ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ ልጅ ሳይዙ ለመሄድ ዋጋው አያዋጣም። የአገሩ መታወቂያ ላላቸው ብዙ ጊዜ ቅናሽ ስለሚኖር ትኬቱን እዚያ ያለው ዘመድ በፓርኩ በራሱ ድረ ገጽ ይግዛላችሁ።

"በራሱ ድረ ገጽ" ያልኩት በምክንያት ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ "የፓርክ ትኬት በግማሽ ዋጋ" የሚሉ ደላሎች አሉ። የሚልኩላችሁ የኪውአር ኮድ ፎቶ ነው። ያ ኮድ በር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ያንኑ ፎቶ ለአምስት ሰው ይሸጡታል፤ ቀድሞ የደረሰ ይገባል፣ አራቱ በር ላይ ይቀራሉ። የእኛ ሰፈር ልጅ እህቱን ሊያስደስት ብሎ እንዲህ ያለ ሁለት ትኬት ገዛ። በሩ ላይ ማሽኑ ቀይ አበራ። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ እንደገና ሙሉ ዋጋ ከፍለው ገቡ። ትኬቱ ላይ የገዢው ስም ከሌለ፣ ከፓርኩ የተላከ ኢሜይል ከሌለ፣ ድርሃም አትላኩ።

ዱባይ ሂልስ ሞል ውስጥ ያለው ስቶርም ኮስተር ደግሞ ፈሪን በዋጋ የሚያታልል ነው። የሞሉ መግቢያ ነጻ ነው፤ የምትከፍሉት በዙር ነው፣ ያውም ከ100 ድርሃም በታች። ቆማችሁ በነጻ ማየትም አለ። ስሙት፣ ርካሽ ነው ብላችሁ በዚህ አትጀምሩ። ይህ ነገር በጀርባችሁ አስተኝቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር ይወነጭፋችኋል፣ ጊነስም የመዘገበው ለዚህ ነው። ከዚያ ከ50 ሜትር ወደ ታች፣ እስከ 77 ኪሎ ሜትር። ትንሹ ሂሳብ ትልቁን ፍርሃት ያመጣል።

ስለ አገር ቤቱም ይጠይቁኛል። "ለልምምድ አዲስ አበባ ትንሿ ላይ ብወጣስ?" ይላሉ። ስም አልጠራም፤ ከከተማው መዝናኛዎች በአንዱ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ዘንዶ የተሳለባት ትንሽ ባቡር ነች። ቀለሟ አዲስ ነው፣ ከርቀት ታምራለች። ጠጋ ስል በቀለሙ ስር የብየዳው ጠባሳ እንደ ጉብታ ይታያል፤ አንዱ እግር ሁለት ቦታ ተበይዷል። ጭን ላይ የሚወርደው ብረት መቆለፊያው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ስትዞር ኩሽኔታዋ ይንጫጫል። ይህን ድምፅ ባጃጅ የሚነዳ የጅማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግራሶ ካየ የቆየ ነው። ለዚህ በዙር ያስከፍላሉ። እኔ ልጄን አላስቀምጥም።

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ዙር ቆማችሁ እዩ፣ ማየት በነጻ ነው። ሠራተኛው የእያንዳንዱን ሰው ብረት በእጁ ስቦ ይፈትሻል ወይስ ከሩቅ "ያዙ!" ብሎ ቁልፉን ይጫናል? ጎማውንም ተመልከቱ። ደህና ሮለር ኮስተር ጎማው ከሀዲዱ በላይ ብቻ አይደለም፤ ከጎንና ከስርም አለው። የስሩ ጎማ ነው ባቡሩ እንዳይነሳ የሚይዘው፤ ጆን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ በ1919 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ወደ ላይ በሰንሰለት ሲጎተት ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅም ብልሽት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ነው። ትልልቆቹ ላይ ባቡሩ መሃል መንገድ ላይ ቢቆም አትጩሁ። ሀዲዱ በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ ፊት ያለው ባቡር ክፍሉን ካልለቀቀ የኋላው እንዲቆም ነው የተሠራው። ሽቦ የታሰረበት ብረት ላይ ነው መጮህ።

ሞል ውስጥ ምስል የሚያሳይ መነጽር አድርጋችሁ የምትቀመጡበት ሮለር ኮስተርም አለ፣ ወንበሩ የሚነቃነቀው። ፈሪ ሰው "ይሄ እንኳን አይወድቅም" ብሎ ይመርጠዋል። አይወድቅም፣ ግን ያቅለሸልሻል። ዓይን እየተንሸራተትን ነው ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ ቁጭ ብለናል ይላል፤ አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ያቅተዋል። እውነተኛው ሮለር ኮስተር ላይ ደህና የሆነ ሰው እዚህ ሲያስመልሰው አይቻለሁ። ለሆድ ፈሪ ጭራሽ አይሆንም።

የትም ሂዱ የት፣ መሃል ተቀመጡ። ከፊት የተቀመጠ ገደሉን ሙሉ ያያል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ በቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ተጎትቶ ይነሳል። ጠዋት ሂዱ፤ ጎማውና ግራሶው ሳይሞቅ ባቡሩ ትንሽ ዝግ ይላል። ነጠላና ሻሽ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ሂጃብ ያላችሁ በመርፌ አጥብቃችሁ ያዙት፣ ጫፉንም ልብስ ውስጥ አስገቡት፤ አለበለዚያ ሠራተኞቹ ከሰልፍ ያወጧችኋል። ክፍት ጫማም ችግር ነው። ልብ፣ ወገብ ወይም አንገት የሚያማችሁ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ ደግሞ ከነጭራሹ ተዉት።

ሰልፍ የሚያሳጥረውን ተጨማሪ ትኬት አትግዙ። በመግቢያው ላይ ሌላ ገንዘብ ነው፤ ለፈሪ ደግሞ ሰልፉ ይጠቅማል፣ ከባቡሩ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት እያያችሁ ትወስናላችሁ። መቀመጫው ጋ ደርሳችሁ ሐሳብ ብትቀይሩ ለሠራተኛው ንገሩት፣ በሌላኛው በር ያሳልፋችኋል፣ ማንም አይስቅባችሁም። በቀን ትኬት ከሆነ ሌላ ነገር ላይ ትወጣላችሁ። በዙር የከፈላችሁበት ቦታ ግን ብሩ ላይመለስ ስለሚችል፣ ካርዱን ከማስነካታችሁ በፊት "ባልወጣ ትመልሳላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።