ክሩዝ ኮንትሮል ነው ብለው የሸጡልኝ ነገር

በሞተር አዲስ ዘመን ከተማን ካለፍኩ በኋላ ቀኝ እጄ የእኔ አይደለም። መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች። ቀጥሎ መዳፌን ይወረኛል። ወረታ ስደርስ የሻይ ብርጭቆ የማነሳው በግራ ነው።

ሥራዬ የእንስሳት መድኃኒት መሸጥ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ በወር ሦስት አራት ጊዜ ከጎንደር ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞተሬ ቦክሰር 150 ናት። ጠንካራ ናት፣ ነዳጅ አትበላም፣ ዕቃዋ የትም ይገኛል። ግን ባለ አንድ ሲሊንደር ስለሆነች ንዝረቷ በመሪው በኩል ቀጥ ብሎ አጥንቴ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ ደግሞ በቀኝ እጅ የሚጠመዘዘው ነዳጅ መስጫ ስፕሪንግ አለው፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ሊመለስ ይታገላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጨብጦ መያዝ ነው። እድሜዬም ሃምሳን እየነካ ነው።

መፍትሔ እንዳለው ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የሱዳኑ ጦርነት ሳይጀመር፣ ከኬፕታውን ተነስተው ካይሮ የሚሄዱ ባለ ሞተሮች በመተማ በኩል ያልፉ ነበር። አንዱን ፋሲል ግቢ በር ላይ አገኘሁት። እጀታው ጫፍ ላይ የምትዞር ብሎን መሳይ ነገር አለች። ካኦኮ ትባላለች አለኝ፣ የአገሩ የደቡብ አፍሪካ ሥራ ናት። ጠምዘዝ አደረጋት፣ እጁን አነሳ፣ ሞተሩ እዚያው ላይ ማጓራቱን ቀጠለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የእኔ ግን ያቺ አይደለችም። የእኔ ስሟ የማይነበብ፣ አዲስ አበባ አንድ የሞተር ዕቃ ሱቅ በሰው አስገዝቼ በ3,500 ብር የመጣችልኝ ናት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ክሩዝ ኮንትሮል» ይላል።

ውሸት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል።

እውነተኛው ክሩዝ ኮንትሮል ፍጥነት ነው የሚይዘው። 80 ላይ አስቀምጠው ካልከው ዳገት ሲመጣ ራሱ ነዳጅ ይጨምራል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ይቀንሳል። ፍሬን ወይም ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ማንሻ) ስትነካ ወዲያው ይለቃል። በዛሬዎቹ ሞተሮች ላይ ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ ገመድ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ነዳጅ መስጫና ኮምፒውተር ነው። ትልልቆቹ የመንገድ ሞተሮች ይህ አላቸው። ዱካቲ እንዲያውም በራዳር ከፊቱ ካለው መኪና ርቀቱን የሚጠብቅ ሞተር አውጥቷል። የእኛ ቦክሰር ግን ነዳጅና አየር የምትቀላቅለው በካርቡሬተር ነው፣ ነዳጅ መስጫዋም በገመድ ነው።

እኔ የገዛኋት እጀታውን ባለበት የምታስር ጥፍር ናት። የምትይዘው ፍጥነቱን ሳይሆን የእጄን ቦታ ነው። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ይደክማል። ቁልቁለት ሲመጣ ይጋልባል። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ አትለቅም። ይቺን የመጨረሻዋን አስታውሱልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስለ እውነተኛው ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። ክሩዝ ኮንትሮልን የፈለሰፈው አሜሪካዊ፣ ራልፍ ቲተር፣ ዓይነ ስውር ነበር። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ አያይም። ጠበቃው እየነዳ ሲያወራ መኪናዋን አንዴ ቀነስ አንዴ ፈጠን ስለሚያደርጋት ተንገላቶ ተንገላቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። በፈረንጆቹ 1950 የፈጠራ መብቱን አገኘ፣ በ1958 ክራይስለር መኪናዎቹ ላይ አወጣው። የአዘዞ ሚኒባስ ውስጥ ስሳፈር ሰውዬው በደንብ ይገባኛል።

ወደ ዕቃዋ ልመለስ። አሉሚኒየም ናት። እጀታው ላይ በሁለት ብሎን ትታሰራለች። ሁለት መጫኛ አላት፣ በአውራ ጣት አንዱን ስትጫን ታስራለች፣ ሌላውን ስትጫን ትፈታለች። ስታስር ውስጧ ያለች ትንሽ ጎማ ከመብራቱ ማብሪያ ሳጥን ጋር ትጣበቅና ሰበቃዋ እጀታውን ይይዘዋል። ሌላ ምንም የለባትም። ባትሪ የላትም፣ ሽቦ የላትም።

ራሴ ልገጥማት ስል አንደኛው ብሎን ገና ሳይጠብቅ ጥርሱ ተበላ። 3,500 ብር! ሱቁ ጋ ብደውል «ሲወጣ ደህና ነበር» አሉኝ። በቃ። አዘዞ ወደምታወቅበት ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያት።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«እጅ ታሳርፋለች።»

«እጅዎን ለማሳረፍ ሞተሩን ማቆም አይሻልም?»

ቢቀልድም ጎበዝ ነው። ከአሮጌ ሞተር ጥሩ ብሎን ፈልጎ አገኘ። የእጀታው ጎማ ከሳጥኑ ጋር ስለሚነካካ ጥፍሯ መግቢያ አልነበራትም። በምላጭ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቆረጠው፣ ያኔ ገባች። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙሮ ከፍሬኑ ማንሻ ጋር እንደማትጋጭ አየ። የእጅ ዋጋ 200 ብር ተቀበለኝ።

አሁን መንገዱ። ከጎንደር እስከ ማክሰኝት እርሷት። ባጃጁ፣ አህያው፣ የገበያ ቀን ሰዉ፣ ኩርባው። አንድ ጊዜ እንኳ አልነካኋትም። እንፍራንዝ አካባቢ አልፎ አልፎ ለአሥር ሰከንድ ያህል ትሠራለች። አዲስ ዘመን አቅራቢያ ያ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ያለበት ጋ ቁልቁለትና ጥምዝ ነው፣ እዚያ እሷን መንካት ሞት መጥራት ነው።

ከአዲስ ዘመን ወርደህ ፎገራ ሜዳ ስትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሜዳ፣ ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ግራና ቀኝ ሩዝ። የርብን ወንዝ ተሻግሬ በ65 እየሄድኩ አሰርኳት። እጄን አነሳሁ። አራገፍኩት። ጣቶቼን ከፈትኩ ዘጋሁ። ደም ሲመለስ ይታወቀኛል፣ እንደ መርፌ ይወጋጋል። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ መዳፌን እጀታው ላይ መልሼ አሳረፍኩ፣ ሳልጨብጥ። ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ። እንዲህ እያሰርኩ እየፈታሁ ሐሙሲት ደረስኩ። ባሕር ዳር ስገባ የሻይ ብርጭቆውን በቀኝ አነሳሁት። ለሰው ብናገር የሚስቅብኝ ደስታ ተሰማኝ።

ከ180 ኪሎ ሜትር የምትጠቅመኝ 50 ላይ ቢሆን ነው። ግን እጄ የሚሞተውም እዚያው 50ው ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች «አትለቅም» ወዳልኳት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጉዞዬ ላይ ነው። እንዳትንሸራተት ብዬ በመፍቻ አጥብቄያት ነበር፣ የራሴ ጥፋት ነው። ወረታ ሳልደርስ ከሩዙ መሐል አንድ በሬ ብቅ አለ። የፎገራ በሬ ደግሞ ትልቅ ነው፣ አይቸኩልም። ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ግን ይገፋኛል! እጀታውን ወደ ኋላ ልመልስ ብል ደርቋል። አውራ ጣቴ የምትፈታዋን መጫኛ ፈልጎ አጣት። ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ፣ ሞተሩ እሪ አለ፣ ጎማው ተንሸራተተ፣ በሬው አጠገብ ቆምኩ። እረኛው አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሞተሩ ሲያብድ ሰምቶ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«ጋሼ፣ ደነበረችብዎት እንዴ?»

እንደ በቅሎ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳልወጣ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ እሞክራታለሁ። ነዳጅ መስጫውን ከፍቼ አስራታለሁ፣ ከዚያ የምትፈታዋን መጫኛ ሳልነካ በእጄ ብቻ እመልሰዋለሁ። በቀላሉ መመለስ አለበት። ስፕሪንጉን ለማሸነፍ ብቻ ትጥበቅ፣ እጅን ለማሸነፍ አይደለም። ጨርሳ ካልያዘች ደግሞ ብሎኗን ሩብ ዙር። ካርቶኑ ውስጥ ይህን የሚናገር አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረችም፣ ትልቁ ቅሬታዬ ይህ ነው። የተበላው ብሎን ሁለተኛ ነው።

በዝናብም አልወደድኳትም። ጎማዋ ሲረጥብ ትንሸራተታለች፣ 65 የነበረው ቀስ እያለ 50 ይሆናል። ሐምሌ ላይ ጨርሶ አልተጠቀምኩባትም።

አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ዓይነት ነገር አያስፈልግም ባይ ነው። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀለበት ቆርጦ እጀታው ላይ አጥልቋል፣ ሲፈልግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በነፃ ይሠራል። ግን በድንገት ለመፍታት ሁለት ጣት ይፈልጋል፣ በሬውን ካየሁ በኋላ እኔ አልደፍረውም። እጀታው ላይ የምትጠልቅ፣ በመዳፍ የምትገፋ የፕላስቲክ ክንፍም አለች። ርካሽ ናት። እጅ አታስለቅቅም እንጂ መጨበጡን ታቀልላለች። ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው እሷን እመርጥለታለሁ።

ወደ ደባርቅ ለሚሄድ ግን ሁለቱም ትርፍ ናቸው። መቶ ኪሎ ሜትሩ በሙሉ ዳገትና ኩርባ ነው። ኮሶዬ ላይ ጭጋጉ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ፣ ዳባት ላይ ከብቱ። ማርሽ ስትቀያይር ነው የምትውለው። አንዴ አስሬያት ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ሊጠፋብኝ ደረሰ፣ ኋላዬ ያለው አይሱዙ ጡሩንባውን ጆሮዬ ውስጥ ነፋው።

ስለዚህ ለደባርቅ ስወጣ ፈትቼ ቤት አስቀምጣታለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ መሳቢያ ውስጥ አግኝታት የስልክ ማቆሚያ አድርጋታለች። እውነት ለመናገር ስልኩን በደንብ ይዛዋለች። ሐሙስ ባሕር ዳር ስለምሄድ ግን አስመልሻታለሁ።